ዝገት የሚቀባው ሰውዬ

አንድ ሰው ነበር። በረንዳው ላይ በርጩማ ስቦ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከሰርዲን ቆርቆሮ በማትበልጥ የባቡር ፉርጎ ላይ ዝገት ይቀባል።

ልብ በሉ ወገኖቼ። ዝገት ይፍቃል አላልኩም። ይቀባል ነው ያልኩት። በቡርሽ! ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ።

ወደ ሰውየው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። ዛሬ ስትገቡ ወንበራችሁ ላይ ቁራጭ ወረቀት አግኝታችኋል አይደል? ያዟት። ምን እንደሆነች በኋላ እነግራችኋለሁ። ሙቀቱ በርትቶባችሁ ማራገቢያ ያደረጋችኋት አራግቡ፣ ችግር የለም። እዚያ ዓምዱ ጋ ያለኸው ወንድሜ ግን ላብህን አትጥረግባት። እባክህን። ለመልክህ አስቤ ነው።

እሺ። የሰውየውን እውነተኛ ስም አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ ከዚህ ወጥታችሁ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ትስቁበታላችሁ። አውቃችኋለሁ! አየናቸው እንበለው። ጋሽ አየናቸው የዚሁ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ባቡር ጥገና ቤት ነው። ሥራው ምን ነበር? ፉርጎ መቀባት። የዛገ ፉርጎ ይመጣለታል፤ ይፍቃል፣ ያጸዳል፣ ቀለም ያለብሳል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ሰላም እንኳ ሳይለው፣ «መጀመሪያ ፋቅ፣ ከዚያ ቀባ! ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ውሸት ነው» ይለው ነበር።

ጡረታ ወጣ። እጁ ግን ጡረታ አልወጣም። እጁ ይበላዋል። ምን ያድርግ? ሳሎኑ ውስጥ የራሱን ምድር ባቡር ዘረጋ!

ገብቼ አይቼዋለሁ። ሐዲዱ የብስክሌት ራጂ ነው። ከሐዲዱ ስር የተረበረበው የክብሪት እንጨት ነው። ጎማዎቹ የለስላሳ ቆርኪ፣ ፉርጎዎቹ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የሚጎትተው ሞተር ከተሰበረ የካሴት ቴፕ የወጣ። ጣቢያው የጫማ ካርቶን ነው፤ ተራራው በዱቄት ሙጫ የተላቆጠ የጋዜጣ ወረቀት። ከደቻቱ ወንዝ የእውነት አሸዋ አምጥቶ አፍስሶበታል። ከሊጥ ግመል ሠርቶ አድርቆ በሐዲዱ ዳር አቁሞ ነበር፤ አይጥ በላት። አይጥ ግመል የበላበት አገር የጋሽ አየናቸው ሳሎን ብቻ ነው።

ፉርጎዎቹ ላይ በጨርቅ የተሰፉ ትንንሽ ጆንያዎች አሉ፤ ውስጣቸው የእውነት ስኳር ነው። ዝንቦች ጣቢያው ላይ ተሰልፈው ቲኬት ይቆርጡ ነበር የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንግዲህ ዋሽቼ አላውቅም፤ ዝንብ ቲኬት ስትቆርጥ አላየሁም። በነጻ ስትሳፈር ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለቤቱ እትዬ ዘርፈሽዋል ትባላለች። ሐዲዱ ከሳሎን ተነስቶ በማድቤቱ በር ሾልኮ ስለሚዞር፣ በሩ ላይ እንደ ትልቁ ባቡር መንገድ ማገጃ እንጨት አድርጎባታል። ባቡር ሲመጣ እንጨቱ ይወርዳል። እትዬ ዘርፈሽዋል ወጥ እንደያዘች ቆማ ባቡር ታሳልፋለች።

«አየናቸው፣ ወጡ ቀዘቀዘ!»

«ፉርጎ እየገባ ነው!»

«እኔም ልገባ ነው!»

«ዘርፌ፣ ሕግ ሕግ ነው። ለሚኒስትርም ቢሆን አላነሳም።»

ወገኖቼ፣ አትሳቁ። እናንተም ቤት አንድ ማገጃ እንጨት አለ። ለዛሬ ልለፈው።

አሁን ወደ ዝገቱ እንምጣ። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ነገር ያውቃሉ። ንጹሕ፣ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ፉርጎ ፎቶ ስታነሱት መጫወቻ ይመስላል። እውነተኛ ፉርጎ አቧራ አለው፣ ጥላሸት አለው፣ ዝገት አለው። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? ያቆሽሹታል! ቀብተው ቀብተው ካሳመሩት በኋላ፣ ቁጭ ብለው በስንት ጥንቃቄ ያቆሽሹታል። ከዚያ ስልካቸውን ከሐዲዱ እኩል ዝቅ አድርገው ያነሱታል። ጋሽ አየናቸው ጉንጩን ምንጣፍ ላይ አስተኝቶ ነው የሚያነሳው። ጉንጩ ላይ የምንጣፍ አበባ እንደታተመበት ገበያ ይወጣል።

ዕድሜውን ሙሉ ዝገት ሲፍቅ የኖረ ሰው ዝገት ቀቢ ሆነ! እንዲያውም የራሱን ቅመም ፈለሰፈ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ በአቼቶ ይዘፈዝፋል፣ ጨው ይጨምርበታል፣ የተወቀጠ ጡብ ይነሰንስበታል። እትዬ ዘርፈሽዋል አንድ ቀን ተሳስታ ሰላጣ ላይ ልትጨምረው ነበር። ብትጨምረው ኖሮ ዛሬ ይሄን ታሪክ የምነግራችሁ በለቅሶ ቤት ነበር።

ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ስሙኝ፣ ነገሩ እዚህ ጋ ነው።

የባቡር ጡረተኞች የሚሰባሰቡበት አንድ ክበብ ነበር። መግቢያው ላይ ትልቅ ፍሬም ተሰቅሏል። በፍሬሙ ውስጥ ማን አለ? ጋሽ ኢብሳ። ጋሽ ኢብሳ ባቡር ነጂ የነበረ፣ አሁን የክበቡ ሊቀመንበር ነው። በጎልማሳነቱ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ክርኑን በባቡሩ መስኮት አውጥቶ የተነሳው ፎቶ ነው። የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የጋሽ ኢብሳን ክርን ነው።

ይሄ ጋሽ ኢብሳ ምላሱ ምላጭ ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አየናቸውን የሚጠራው «ሙሴ ሊፕስቲክ»፣ በፈረንሳይኛው አቶ ሊፕስቲክ፣ እያለ ነው። «ዋሪያ! እኛ እንነዳለን፣ ይሄ ሊፕስቲክ ይቀባል!» ይላል። ሰው ይስቃል። አየናቸውም አብሮ ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን አይስቅም።

አንድ ጊዜ ክበቡ «ፍሬሙ ውስጥ ያለው ፎቶ ይቀየር፤ በዓመታዊ በዓላችን ከሁሉ የበለጠ የባቡር ፎቶ ያመጣ ይሰቀልለታል» ብሎ ወሰነ። ጋሽ አየናቸው ብድግ አለ። «ፎቶ ብቻ አይደለም የማመጣው። ባቡሩን ራሱን አምጥቼ ፊታችሁ አስኬደዋለሁ፤ ፎቶውንም እዚያው አነሳለሁ» አለ።

ጋሽ ኢብሳ ምን አለ? «ሊፕስቲክ፣ መጫወቻ ነው የምታመጣው?»

«አይተህ ባቡር ነው ትላለህ።»

«እኔ? መጫወቻ አይቼ ባቡር ነው ካልኩ፣ ፍሬሙን ራሴ አወርደዋለሁ!»

ገባችሁ? ሰውየው የሚፈልገው ፍሬሙን ብቻ አይደለም። ከዚያ ምላስ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ባቡር ነው» የምትል ቃል እንድትወጣ ነው። ሰው ለአንዲት ቃል ስንት ዘመን ይኖራል መሰላችሁ!

የበዓሉ ዋዜማ ረፋድ ላይ ባትሪ ሊገዛ ወጣ። ተመልሶ ግቢ ሲገባ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣ በካልሲና በፎጣ መሀል፣ ፉርጎዎቹ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለው ውኃቸው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ዘርፌ! ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«አጠብኩልሃ! ነገ ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር፣ እንዲህ ጭቅቅት ለብሶ?»

«ጭቅቅቱ እኮ ነው ሥራው!»

«ሥራው ጭቅቅት ከሆነ ሸሚዝህን ለምን ታሳጥበኛለህ? እሱንም ፎቶ አንሳዋ!»

ሰውየው ራሱን ይዞ ሳፋው አጠገብ ቁጭ አለ። የስንት ጊዜ ድካም፣ ያ ሁሉ ጥላሸት፣ ያ ሁሉ ዝገት፣ በሳሙና አረፋ ታጥቦ ሄዷል። ፉርጎዎቹ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃሉ።

እትዬ ዘርፈሽዋል አዘነችለት። አንዷን ከገመዱ አውርዳ አመጣችለት። «አንዷ ግን እምቢ አለችኝ። እዚህች ጋ፣ ከፊተኛው ጋር የምትያያዝበት መንጠቆ ላይ ያለው ጭቅቅት። ፈገፈግኩ፣ ፈገፈግኩ፣ አልለቅም አለኝ።»

ጋሽ አየናቸው አጉሊ መነጽሩን አወጣ። አየ። ፊቱ ፈካ!

«ዘርፌ፣ ይሄን ተመልከቺው! ቀዩ ወደ ቡኒ፣ ቡኒው ወደ ጥቁር ሲገባ ተመልከቺ! ይሄን የቀባሁት እኔ ነኝ?»

«አይደለህም።»

«የገዛ እጄን ሥራ አላውቅም?»

«አየናቸው፣ የተቀባ ቢሆን ከሌላው ጋር ይለቅ ነበር። ብረቱን ነው የበላው። ያ አቼቶህ ተንጠባጥቦበት ይሆናል። በጥፍሬ ስነካው ይፈረፈራል፣ ና እየው…»

«እንዳትነኪው! አንቺ የዚህ ጥበብ አይገባሽም።»

«ዝገት ለመለየት ነው ጥበብ የሚያስፈልገኝ? በራችን ዝጓል፣ አንተ አላየህም እንጂ እኔ አይቻለሁ!»

አልሰማም። ያችን መንጠቆ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ፎቶ አነሳት። ለወዳጆቹ ሁሉ ላከ። አድናቆቱ ጎረፈ። አንዱ፣ «ሙሴ፣ እንዴት አድርገህ ቀባኸው?» ብሎ ጠየቀው። ጋሽ አየናቸው ምን አደረገ? ያልቀባውን ዝገት እንዴት እንደቀባው ረጅም የድምፅ መልእክት ልኮ አስረዳ! ቡርሹ እንዴት እንደሚያዝ ሁሉ ተናገረ!

ሌሎቹን ፉርጎዎች ሲቀባ ዋለ፣ አመሸ። ያችን ግን አልነካትም። ለምን ይነካታል? ፍጹም ነቻ!

በዓሉ ደረሰ። በክበቡ አዳራሽ ሁለት ጠረጴዛ አራርቀው አቆሙለት። በመሀላቸው ባለው ክፍተት ላይ በሽቦ የሠራውን የአዋሽ ድልድይ ዘረጋ፤ ሐዲዱ ድልድዩን እያቋረጠ ወደ ተራራው ሽቅብ ይወጣል። ሰው ሁሉ ከበበው። ጋሽ ኢብሳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ፤ ቁልቁል ተመለከተና፣ «መጫወቻ» አለ።

«ከላይ ሆነህ ስለምታይ ነው። ባቡርን ከላይ የሚያየው አሞራ ነው። ዝቅ በል።»

«ጉልበቴ አያስጎነብሰኝም።»

«እንግዲያው ተኛ።»

ሁለት ሰዎች ደግፈው ጋሽ ኢብሳን ድልድዩ ስር፣ ወለሉ ላይ፣ በጀርባው አስተኙት። የክበቡ ሊቀመንበር! በሙሉ ሱፉ! እትዬ ዘርፈሽዋል የባሏን ስልክ ይዛ ከጎን ቆመች፤ ፎቶ እንድታነሳ የታዘዘችው እሷ ናት።

ጋሽ አየናቸው በአፉ የባቡር ጡሩምባ ነፋ። ባቡሩ ተነሳ። ጣቢያውን ለቀቀ፣ አሸዋውን አለፈ፣ ድልድዩ ላይ ወጣ። ጋሽ ኢብሳ ከስር ሽቅብ ያያል። ያያል። ዓይኑ እየፈጠጠ መጣ። ስንት ዘመን የነዳውን ነገር ነው የሚያየው! አቧራው፣ ጥላሸቱ፣ ጆንያው…

«አቦ!» አለ። «ይሄማ ባ…»

ጋሽ አየናቸው ትንፋሹን ያዘ። ዕድሜ ልኩን የጠበቃት ቃል ግማሿ ወጥታለች!

ቀጭ!

ያች መንጠቆ ተበጠሰች።

ሞተሩ ሸክም ቀሎት አንዷን ፉርጎ ብቻ ይዞ እየፎከረ ተራራውን ወጣ። የቀሩት ወደ ኋላ ተንሸራተቱ፣ ድልድዩ ጥምዝምዝ ላይ አንድ በአንድ ቁልቁል ዘለሉ። አንዷ ጋሽ ኢብሳ ግንባር ላይ አረፈች። አንዷ መነጽሩን ወሰደች። የስኳሩ ጆንያ ጢሙ ላይ ፈሰሰ፤ ዝንቦቹም ጉዟቸውን ቀጠሉ። መንጠቆዋ የተበጠሰችው ፉርጎ ደግሞ ዘወር ብላ፣ ተገልብጣ፣ የሱፉ ደረት ኪስ ውስጥ ገብታ ቆመች። የመጨረሻ ጣቢያ!

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ አየናቸው ዞረ።

ጋሽ አየናቸውስ? ወገኖቼ፣ ሰው ሲያዝ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። እጁን ዘርግቶ፣ «አደጋ ነው! የባቡር አደጋ ትርኢት ነው! እውነት እንዲመስል ሆን ብዬ ነው!» ብሎ ጮኸ። ምን ይሻላል፣ ሁለት ሰዎች ማጨብጨብ ጀመሩ!

«አየናቸው» አለች እትዬ ዘርፈሽዋል።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሚስት እንዲያ ብላ ስምህን ስትጠራህ፣ ሌላ ቃል ምን ያደርግልሃል?

ጭብጨባው ቆመ። ጋሽ ኢብሳ እንደተኛ ከደረት ኪሱ ፉርጎዋን አወጣ። በአውራ ጣቱ መንጠቆዋን አሸት አደረጋት። ተፈረፈረች። ጣቱ ቀይ ሆነ።

«ሙሴ፣ ይሄ የተቀባ አይደለም።»

ጋሽ አየናቸው እንደ ተነፈሰ ጎማ ዝቅ ብሎ ወለሉ ላይ፣ ከጋሽ ኢብሳ አጠገብ ተቀመጠ።

«አይደለም» አለ። «ነግራኝ ነበር። ራሴም አይቼዋለሁ። ቆንጆ ሆኖ ታየኝና ተውኩት።»

እጁን ወደ ኋላ ኪሱ ሰደደ። ያ ኪስ ከጥገና ቤት ዘመን ጀምሮ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንዲት ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት አወጣ። ፉርጎዋን ከጋሽ ኢብሳ እጅ ተቀበለና በሰው ሁሉ ፊት መፋቅ ጀመረ። ፋቀ፣ እፍ አለ፣ ፋቀ።

«ሊፕስቲክ» አለ ጋሽ ኢብሳ።

«አቤት።»

«ገና ዛሬ ባቡር ሠራተኛ መሰልክ። በል አሁን አንሱኝ፣ ወገቤ ሞተ።»

እትዬ ዘርፈሽዋል ያን ጊዜ ነው ስልኩን የተጫነችው። ፎቶው ደብዝዟል፤ አውራ ጣቷ አንዱን ጥግ ሸፍኖታል። አንድ ሽማግሌ ጢሙ ስኳር ሆኖ ተጋድሟል፣ ሌላው ሽማግሌ አጠገቡ ተቀምጦ ዝገት ይፍቃል። ፍሬሙ ውስጥ የገባው የቱ ፎቶ ይመስላችኋል? እሱ ነዋ! የገዛ ክርኑን አውርዶ የሰቀለው ራሱ ጋሽ ኢብሳ ነው።

እንግዲህ ሳቃችሁን ጨረሳችሁ? ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ አትቀቡም? እንዴ! በጸሎት ሰዓት እሰማችኋለሁ እኮ። «እኔ ትቢያ ነኝ፣ እኔ ከሁሉ የማንስ፣ እኔ ኃጢአተኛ።» ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ ራስ ዘንበል ይላል። እንዴት ያምራል! እንዴት ያለ ቡርሽ ነው! ከዚህ ስትወጣ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ «አንተ ማን ስለሆንክ ነው የምትቀድመኝ?» ሲልህ፣ ያ ትቢያ የት ሄደ? ያ ከሁሉ የሚያንሰው ሰውዬ በአንድ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው እንዴት ሆነ?

እህቴ፣ «ጌታ ሆይ፣ ብዙ በድያለሁ» ብለሽ አልቅሰሻል። ጥሩ። እህትሽ ደውላ «ትናንት ስለ እኔ ያወራሽው ልክ አይደለም» ስትልሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ የዘጋሽውስ? ብዙውን ያመንሽ፣ አንዱን ማመን እንዴት አቃተሽ?

በጸሎት ራሳችሁን የምትጠሩበትን ስም ነገ ሰው ቢጠራችሁ ታመሰግኑታላችሁ? ካላመሰገናችሁ የተቀባ ነው። በሳሙና ይለቃል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን እሱ አይደለም። የተቀባ ዝገት ማንንም አይጥልም። የሚያስፈራው፣ በዚያ ሁሉ የተቀባ ዝገት መሀል እውነተኛው ተደብቆ መቀመጡ ነው! «ሁሉም ነገሬ ቆሻሻ ነው» ያለ ሰው አንዷን መንጠቆ ማየት ያቆማል። ይባስ ብሎም ይወዳታል። ቁጣውን «እኔ እኮ ግልጽ ሰው ነኝ» ይላታል። ቂሙን «እኔ ነገር አልረሳም» ብሎ ይኮራባታል። ፎቶ አንስቶ ለወዳጅ ይልካታል። መንጠቆዋ ደግሞ የምትበጠሰው ሳሎን ውስጥ አይደለም፤ ሽቅብ ስትወጡ ነው። ሰው ሁሉ ሲያይ ነው። «ባ…» የተባለላችሁ ቀን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እድፋችሁን ያጠበላችሁን ሰው ጠይቁ። እያንዳንዳችሁ ቤት አንድ እትዬ ዘርፈሽዋል አለች። ሚስት ትሁን፣ ባል ይሁን፣ እናት ትሁን፣ ጎረቤት ይሁን። ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ «እምቢ ያለችሽ የቷ ናት?» በሏት። ከዚያ ዝም በሉ። መልስ አትስጡ። «አንቺ አይገባሽም» አትበሉ። የድምፅ መልእክት አትላኩ። ዝም!

ከዚያ መጀመሪያ ፍቁ። መቀባቱ ይደርሳል።

መፋቂያ የለንም እንዳትሉኝ። ያች ስታራግቡባት የዋላችሁባት ቁራጭ ወረቀት፣ አዎ፣ ገልብጡና በጣታችሁ ዳሰስ አድርጓት። ብርጭቆ ወረቀት ናት። ጧት በየወንበሩ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ዓምዱ ጋ ያለኸው ወንድሜ፣ ላብህን አትጥረግባት ያልኩህ ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ?

ይዛችኋት ሂዱ። አንተ ደግሞ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለኸው፣ «ይቺንስ ለሚስቴ እሰጣታለሁ» ብለህ ቀስ አድርገህ ኪስህ የከተትካት፣ አይቼሃለሁ። ያንተ ናት።